ጥርስ ብቻ የቀራቸው ተዋናዮች

ደብረ ታቦር ላይ ቆሞ የዳይኖሰር አጥንት መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው። ከፋርጣ እስከ እስቴ ገበሬው ከማሳው እየለቀመ ካብ የሚክበው ጥቁር ድንጋይ፣ ቤት የሚመሠረትበት፣ ቤተ ክርስቲያን የሚታጠርበት፣ ሁሉም ከመሬት ሆድ ቀልጦ የወጣ ነው። የሰሜን ምዕራቡን ደጋ ያለበሰው ይህ ባዛልት አብዛኛው የፈሰሰው ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ርብንና ጉማራን ወደ ጣና የሚሰደው ጉና ደግሞ ከዚያም ወዲህ የመጣ፣ ዕድሜው 10 ሚሊዮን ዓመትን ጥቂት የሚያልፍ የእሳት ተራራ ነው። ዳይኖሰሮቹ የጠፉት ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነውና ጉና ሲነሣ እነሱ ካለቁ ከ50 ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር።

እንዲህም ሆኖ ስለ ዳይኖሰር ፊልም ተዋናዮች የሚያወራው ይህ ምዕራፍ የሚነሣው ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ክዳን ነውና። በ2006 የወጣ አንድ ጥናት (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጣና ዙሪያ የምድርን የተፈጥሮ ኤሌክትሪክና መግነጢስ እየለካ፣ ከባዛልቱ ሥር ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ደለል ድንጋይ እንዳለ አመልክቷል። አጥኚዎቹ ያንን ደለል የሚቆጥሩት ከዳይኖሰሮቹ ዘመን ነው። የፊልሙ ስም የተወሰደበት የጁራሲክ ዘመን ከፎገራ ሩዝ ማሳ በታች ተኝቷል ማለት ነው።

በቪዲዮ ቤት ያደገ ሰው አንድ ሕግ ያውቃል፦ አክተሩ አይሞትም። ማይክል ክራይተን በ1990 ያሳተመውን ልቦለድ ስቲቨን ስፒልበርግ በ1993 «ጁራሲክ ፓርክ» በሚል ፊልም ሲያወጣው ይህን ሕግ ከደራሲው የበለጠ አክብሮታል። የቅሪተ አካል ተመራማሪው አለን ግራንት (ሳም ኒል)፣ የጥንት ዕፅዋት ባለሙያዋ ኤሊ ሳትለር (ላውራ ደርን) እና ምላሰኛው የሒሳብ ሊቅ ኢያን ማልኮም (ጄፍ ጎልድብለም) ሦስቱም ከደሴቲቱ በሕይወት ይወጣሉ። በልቦለዱ ማልኮም መጨረሻ ላይ ሞቷል ተብሎ ነበር፤ ክራይተን በ1995 ሁለተኛውን መጽሐፍ ሲጽፍ ግን አስነሣው። ሦስቱ ተዋንያን በ2022ቱ «ዶሚኒየን» እንደገና አንድ ላይ ሲታዩ ሽበት ጣል ጣል አድርጎባቸው ነበር። በ2025 የወጣው ሰባተኛው ፊልም ደግሞ ስካርሌት ጆሃንሰንንና ማኸርሻላ አሊን ይዞ በአዳዲስ ሰዎች ጀመረ። አዲሶቹ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፤ እንደ ማልኮም የሚከራከር ግን አልወጣቸውም።

ከሁሉ የሚያከራክረው ገጸ ባሕርይ የፓርኩ ባለቤት ጆን ሃመንድ ነው። በልቦለዱ ስግብግብ ነጋዴ ነው፤ ዶሮ በሚያህሉ ትናንሽ ዳይኖሰሮች ተበልቶ ይሞታል። ስፒልበርግ ይህን ሚና የሰጠው «ጋንዲ»ን ላዘጋጀው ለሪቻርድ አተንቦሮ ነው። አተንቦሮ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ምርኩዝ ይዞ፣ የልጅ ልጆቹን አቅፎ ሲመጣ ጥፋቱን ማን ይከሰው? ዕዳው ሁሉ ሽል ለመስረቅ ሲል ኮምፒውተሩን በዘጋው በዴኒስ ኔድሪ (ዌይን ናይት) ላይ ተደፋ። ፊልሙን ተወዳጅ ያደረገው ይህ ለውጥ ይመስለኛል፤ ሐሳቡን ያሳነሰውም ይኸው ነው። ሠራተኛው ወፍራም ሌባ ሆኖ ሲሞት፣ አውሬውን ያመጣው ባለ ገንዘብ ወደ ሄሊኮፕተሩ ሲገባ እናዝንለታለን።

ኢንጂነሩ ሬይ አርኖልድ ሲጋራውን ከከንፈሩ ሳያወርድ «አጥብቃችሁ ያዙ» የሚል ዓይነት ሰው ነው። የተጫወተው ያኔ ገና ብዙ ያልታወቀው ሳሙኤል ጃክሰን ነው። ኤሌክትሪኩን ሊመልስ ወጥቶ ቀረ፤ አሟሟቱን አናይም። ጃክሰን እንደሚናገረው ትዕይንቱን ሃዋይ ሄዶ ሊሠራ ታስቦ ነበር፤ በመስከረም 1992 ካዋይ ደሴትን የመታው ኢኒኪ የተባለ አውሎ ነፋስ የቀረጻውን ሥፍራ አፈራረሰውና ቀረ። ስለዚህ ከአርኖልድ የተረፈን ኤሊ ሳትለር ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ዳነን ብላ የተደሰተችበት ክንድ ነው፤ ሰውየው ሳይኖር ክንዱ ብቻ። ይህን ክንድ አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ የእኛ ዳይኖሰሮችም የደረሱን እንዲሁ በብልት ነው።

የፊልሙ እውነተኛ ባለቤቶች ግን አውሬዎቹ ናቸው። ሁለት ሰዓት ከሚያልፈው የ1993ቱ ፊልም ዳይኖሰር የሚታየው ወደ 15 ደቂቃ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም የሚበልጠው በኮምፒውተር ሳይሆን የስታን ዊንስተን ባለሙያዎች በሠሯቸው አሻንጉሊቶች የተሞላ ነው። ማድቤት ውስጥ ልጆቹን ከሚያሳድዱት ራፕተሮች በአንዱ ቆዳ ውስጥ ጆን ሮዘንግራንት የተባለ ባለሙያ አጎንብሶ ገብቶ ነበር፤ እሱም ተዋናይ ነው፣ ፊቱን ያላየነው። ሙሉ ቁመት ያለው ቲራኖሳውረስ ደግሞ ዝናብ የሚዘንብበት ትዕይንት ላይ ችግር ፈጠረ። ቆዳው የላስቲክ ስፖንጅ ስለነበር ውኃ ጠጣ፣ ከበደ፤ ማሽኑም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሠራተኞቹ በየመሐሉ እየሮጡ በፎጣ ያደርቁት ነበር። ያ የሚያስፈራ ግሣት ውስጥ የዝሆን ግልገል ጩኸት አለበት።

ፊልሙ ስሙን ከጁራሲክ ይውሰድ እንጂ አብዛኞቹ ዋና ዋና አውሬዎቹ የዚያ ዘመን አይደሉም። ቲራኖሳውረስና ትራይሴራቶፕስ የኖሩት ከጁራሲክ ቀጥሎ በመጣው በክሬታሺየስ ዘመን መጨረሻ፣ ከ68 እስከ 66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ቬሎሲራፕተርም ክሬታሺየስ ነው፤ እውነተኛው ደግሞ ከቱርክ ዶሮ እምብዛም የማይበልጥ፣ ላባ የለበሰ እንስሳ ነበር፤ በ2007 በታተመ ጥናት በሞንጎሊያ በተገኘ አጥንቱ ላይ የላባ መትከያ ጉብታዎች ታይተዋል። በጁራሲክ የኖሩት መርዝ የሚተፋው ዳይሎፎሳውረስና ባለ ረጅም አንገቱ ብራኪዮሳውረስ ናቸው፤ የመጀመሪያውም መርዝ እንደሚተፋ ወይም አንገቱ ላይ ጃንጥላ እንደሚዘረጋ የሚያሳይ አንዳች ማስረጃ የለም። የጊዜውን ርቀት በእኛ ታሪክ ለመለካት ያህል፦ ከጁራሲኩ ስቴጎሳውረስ እስከ ቲራኖሳውረስ ያለው ዘመን፣ ከቲራኖሳውረስ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ካለው ይረዝማል።

ዐፄ ቴዎድሮስን በከንቱ አላነሣሁም። የኢትዮጵያ ጁራሲክ ድንጋይ ለሳይንስ ስም ያገኘው በእሳቸው ጦርነት ሳቢያ ነው። ንጉሡ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አሠሩ። በጥቅምት 1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ወደ 7 ቶን የሚገመተውን ይህን መድፍ በሠረገላ አስጎትተው ወደ መቅደላ ተነሡ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ እየተሠራ ነበር የሚሄደው። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ፣ የጂጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው ወጥተው፣ መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። በክንዳቸው የፈነቀሉት ድንጋይ ሁሉ ባዛልት ነበር።

በሌላው ወገን ከዙላ የተነሣው የጄኔራል ናፒየር የእንግሊዝ ጦር ከመድፍና ከዝሆን ሌላ አንድ የድንጋይ ሊቅ ይዞ ነበር። ዊልያም ብላንፎርድ ይባላል፤ በሕንድ የጂኦሎጂ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ባለሙያ ነበር። ሌላው ንጉሡ ስላሰሯቸው አውሮፓውያን ሲያስብ እሱ ገደል ያነባል፣ ወፍ ያድናል፣ ይመዘግባል። በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ በትግራይ ያየውን ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ በሕንጣሎ ስም አንታሎ፣ ከሥሩ ያለውን አሸዋ ድንጋይ አዲግራት አለው፤ የባዛልቱን ንብርብር ደግሞ ከፍሎ አንዱን አሸንጌ ሌላውን መቅደላ ብሎ ጠራው። ስለ መቅደላ የሚጻፈው ስለ ዘውዱና ስለ ተዘረፈው መጽሐፍ ነው፤ ተገቢም ነው። የእኛ ጂኦሎጂ ተማሪዎች እስከ ዛሬ ከሚሸመድዷቸው ስሞች ጥቂቶቹ በዚያ ዘመቻ እንደወጡ ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

ይህን ሁሉ ንብርብር በአንድ ጊዜ ለማየት ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን የዓባይ በረሃ መንገድ መውረድ ነው። ከላይ ደብረ ታቦርን የመሰለ ጥቁር ድንጋይ ነው። መኪናው መጠምዘዝ ሲጀምር ነጭና ቀላ ያለ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፤ ዝቅ ሲል ቢጫማው የኖራ ድንጋይ እንደ ግድግዳ ይቆማል፤ ከእሱ በታች ጄሶ የተቀላቀለበት፣ ወንዙ አጠገብም የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ አለ። ኖራው ባሕር ነበር። በኖራውና በላይኛው አሸዋ መካከል በአንዳንድ ሥፍራ ሐምራዊና አረንጓዴ የመሰለ፣ ዝናብ ሲመታው የሚፈረፈር ጭቃ ድንጋይ ይገኛል። ከሙገር ወንዝ ስም ተሰጥቶት የሙገር ጭቃ ድንጋይ ይባላል። ባሕሩ ሲሸሽ ወንዞች ተተክተው የጣሉት ደለል ነው፤ ዕድሜው ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል፣ የጁራሲክ ማብቂያ። ሾፌሮቹ ፍሬናቸውን እያዳመጡ በሚያልፉት በዚህ ገደል የሚታየው የድንጋይ ቅደም ተከተል በሥነ ምድር ባለሙያ ዘንድ እንደ ዳዊት የሚደገም ነው።

ከዚህ ጭቃ ድንጋይ ጥርስ ያወጣው ቡድን መሪ ማርክ ጉድዊን ነው፤ በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የቅሪተ አካል ሙዚየም ተመራማሪ። በ1999 ከባልደረቦቹ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ከሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ገደሎች የተገኙ የዓሣ፣ የኤሊ፣ የአዞ ዘመዶችና የዳይኖሰር ቅሪቶችን አስታወቀ፤ ዘመናቸውን የለየውም በዚያው ድንጋይ ውስጥ በተቀበረ የአበባ ዱቄትና ስፖር ነው። በ2007 ደግሞ ከዚሁ ጭቃ የወጣች አንዲት የአጥቢ እንስሳ ጥርስ፣ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የጁራሲክ አጥቢ ሆና ታተመች። በ2011 ሊ ሆልና ጉድዊን ያቀረቡት ሥራ ሥጋ በልም ዕፅ በልም ዳይኖሰሮች ጥርሳቸውን በአንድ ደለል ውስጥ እንደተዉ የሚያሳይ ነው።

ጉድዊን ከፊልሙ ጋር የሚገናኝበት መንገድ ያስገርማል። ለአለን ግራንት ባሕርይ መነሻ ከሆኑት ሰዎች ዋነኛው፣ ለስፒልበርግም የሳይንስ አማካሪ የነበረው፣ በሞንታና የዳይኖሰር ጎጆና እንቁላል በማግኘት የታወቀው ጃክ ሆርነር ነው። ጉድዊን የሆርነር የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባ ነው። ሁለቱ በ2009 አንድ ላይ ባወጡት ጥናት፣ ስቲጊሞሎክ የተባለው ራሰ እሾኻማ ዳይኖሰር ራሱን የቻለ ዝርያ ሳይሆን የፓኪሴፋሎሳውረስ ጎረምሳ ነው አሉ፤ ሲያድግ ቀንዱ ያጥራል፣ የራስ ቅሉ ይወፍራል። በ2018 በወጣው አምስተኛው ፊልም ታዲያ ክሪስ ፕራትንና ብራይስ ዳላስ ሃዋርድን ግድግዳ በራሱ በርግዶ ከእስር የሚያስፈታቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ስቲጊሞሎክ! አማካሪው በሳይንስ መጽሔት ላይ የሰረዘው ገጸ ባሕርይ በፊልሙ ላይ ስሙን እንደያዘ ተወነ። እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም፤ ትዕይንቱ ያስቃል።

ወደ ሙገር ጭቃ ስንመለስ፣ ለምን ጥርስ ብቻ? አንደኛው ምክንያት ኬሚካላዊ ነው፤ የጥርስ ሽፋን ከአጥንት ይጠነክራልና ወንዝ ሲያንከባልለው አይፈጭም። ሁለተኛው ከዳይኖሰሮቹ ሕይወት የመጣ ነው። ሰው የወተት ጥርሱን አንድ ጊዜ ይጥላል፤ ዳይኖሰር ግን ዕድሜውን ሙሉ ይጥላል፣ ይተካል። በሰሜን አሜሪካ በነበረው ዲፕሎዶከስ ላይ የተደረገ ጥናት በአንድ የጥርስ ሥፍራ በ35 ቀን ገደማ አንድ አዲስ ጥርስ ይተካ እንደነበር ገምቷል፤ ቲራኖሳውረስ ሁለት ዓመት ያህል ይፈጅበታል። አንድ እንስሳ አንድ አፅም ትቶ ሲሞት መቶዎች ጥርሶች በየወንዙ ዳር በትኗል። ፈላጊው ጭቃውን በጆንያ ይሞላል፣ ውኃ ውስጥ ይነክራል፣ በወንፊት ያጥባል፣ የቀረውን ጠጠር አድርቆ በማጉሊያ ይለቅማል። ሥራው ሽሮ ከመንፋት ብዙም አይለይ፤ ፊልም ሊሠራበት የሚችል ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ጥርሲቱ ስትገኝ ግን ጠርዟ ላይ እንደ መጋዝ የተደረደሩት ጥቃቅን ጥርሶች ሥጋ በል መሆኗን ይመሰክራሉ፤ የጠፍጣፋዋ መፋቅ ደግሞ ቅጠል ስታላምጥ የኖረች መሆኗን።

ከፊልሙ ገጸ ባሕርያት መካከል የእነዚህ ባለቤት አልባ ጥርሶች የዘመን ጓደኛ ብራኪዮሳውረስ ነው። የቅርብ ዘመዱ የተገኘው ደግሞ በጎረቤት ነው፤ በታንዛኒያ ተንዳጉሩ ከ1909 እስከ 1913 ጀርመኖች አስቆፍረው የወሰዱት፣ ዛሬ በርሊን ሙዚየም ከ13 ሜትር በላይ ቀና ብሎ የቆመው ጂራፋቲታን። ፊልሙ ሲሠራ ብዙዎች እሱንም ብራኪዮሳውረስ ብለው ይጠሩት ነበር። ግራንት መነጽሩን አውልቆ አፉን ከፍቶ ያየው የመጀመሪያው ዳይኖሰር የአፍሪካ ደም አለበት ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የፊልሙ ሐሳብ ቁልፍ በሃመንድ ምርኩዝ ራስ ላይ ያለችው አምበር ናት፤ ትንኝ የተቀበረባት የደረቀች የዛፍ ሙጫ። ከትንኟ የዳይኖሰር ደም፣ ከደሙ ዲኤንኤ ይወጣል ነው ነገሩ። ሙጫዋ የመጣችው ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ነው ይላል ፊልሙ፤ የዶሚኒካን አምበር ግን ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት ቢደርስ ነው፣ ዳይኖሰር ካለቀ በኋላ። እኛም አምበር አለን። በ2010 አሌክሳንደር ሽሚትና ባልደረቦቹ በመርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ አካባቢ የተገኘ አምበር ውስጥ ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ ፈንገስ እንዳለና ዕድሜውም 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንደሆነ ሲያስታውቁ የሳይንሱ ዓለም ጉድ አለ። አማራ ክልል የራሱ ጁራሲክ ፓርክ ሊያወጣ ምንም አልቀረው! በኋላ የአበባ ዱቄቱና ነፍሳቱ በጥንቃቄ ሲታዩ ግን ዕድሜው ከ16 እስከ 23 ሚሊዮን ዓመት ሆኖ ተገኘ። ከሃመንድ ምርኩዝ ጋር እኩያ ሆኖ አረፈው፤ ዳይኖሰር ያልነካው ሙጫ። ዲኤንኤውማ ቢሆን የማይታሰብ ነው፤ እስከ አሁን የተነበበው ጥንታዊው ከግሪንላንድ የተገኘ የ2 ሚሊዮን ዓመት ነው።

ለጎንደር ሰው በእርግጠኝነት የሚቀርቡት አውሬዎች ከጣና ሰሜን ምዕራብ፣ ጭልጋ ላይ የተገኙት ናቸው። በ2003 የታተመው የጆን ካፐልማን ቡድን ሥራ ከ27 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ባዛልቱ ፈስሶ ከበረደ በኋላ በላዩ ላይ በበቀለው ጫካ አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ የተከለው አርሲኖይቴሪየምና የዝሆን አያቶች ይመላለሱ እንደነበር አሳይቷል። ከእነሱም አንዱ ጭልጋቴሪየም ተብሏል። ሆሊውድ እስከ አሁን አላወቃቸውም።

ከዳይኖሰሮቹ በሕይወት የተረፈው ዘር ወፎች ናቸው፤ ይህን ዛሬ የሚጠራጠር ተመራማሪ ጥቂት ነው። ሆርነር ከዶሮ ሽል ዳይኖሰር መሳይ እንስሳ ስለማውጣት በ2009 መጽሐፍ አሳትሟል፤ ደብረ ታቦር ለበዓል አውራ ዶሮ የሚያርድ ሰው ያለ ላቦራቶሪም ሊያየው ይችላል። ዶሮ ወጥ ላይ ፈረሰኛ የደረሰው ሰው ግጦ ሲጨርስ እጁ ላይ የሚቀረው መንታ አጥንት በቬሎሲራፕተርም በቲራኖሳውረስም ደረት ላይ ነበር። የእግሩ ቅርፊትም ያው ነው።

ከዚህ አካባቢ የተነሣ ወጣት የራሱን ዳይኖሰር ልፈልግ ቢል ጉናን ትቶ ውኃውን ተከትሎ ወደ ዓባይ ገደል ይውረድ፤ የሙገር ጭቃ ድንጋይ ባዛልቱና ከሥሩ ያለው አሸዋ ድንጋይ በተሸረሸረበት በአንዳንድ ሥፍራ ሊታይ ይችላል። ያለ ፈቃድ መቆፈር አይቻልም፤ ተሸርሽሮ የወጣ ጥርስ የመሰለ ነገር ካየ ከቦታው ሳያነሣ ፎቶ አንሥቶ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይንገር። ከምንም በላይ የሚጠየቀው የትኛው ንብርብር ውስጥ እንደነበር ነው፦ ከኖራው በላይ ነው ወይስ በታች፣ ከባዛልቱ ሥር ነው ወይስ በመካከሉ? የዓለም ከተማው አምበር ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ የተሳተው በዚህችው ጥያቄ ላይ ነው።